ስለ ራስ ምታትና ያለ መድኀኒት ስለሚቀልበት መንገድ



ከሰው ሕመም ሁሉ እንደ ራስ ምታት የተለመደ፥ እንደ ራስ ምታትም የተናቀ የለም። ራሱን የሚያመው ሰው እንደ እግረ ስብር ምርኩዝ አይይዝም፤ እንደ ቍስለኛም ፋሻ አይታይበትም። ስለዚህ በቤቱ ሰነፍ፥ በመሥሪያ ቤቱም ለጋሚ እየተባለ ሕመሙን ብቻውን ይሸከማል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ የሚሆነው፥ ማለት 3.1 ቢሊዮን ሰው፥ ልዩ ልዩ የራስ ምታት ሕመም ነበረበት። በኢትዮጵያም በ2016 የታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከተመረመሩት አዋቂዎች 17.7 በመቶው ማይግሬን፥ 20.6 በመቶውም የውጥረት ራስ ምታት እንዳገኛቸው አመልክቷል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ቅብጠት ሳይሆን የብዙ ቤት ችግር ነው።

የዚህ ንግግር ዐላማ መድኀኒትን ለመንቀፍ ወይም ሕዝቡን ከሐኪም ለማራቅ አይደለም። ከኪኒን በፊትና ከኪኒን ጋር ሰው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለውን ለማስረዳት፥ እንዲሁም ራስ ምታት የሞት ምልክት የሚሆንበትን ጊዜ ለማስታወቅ ነው።

ስለ ሕመሙ ዐይነት

የውጥረት ራስ ምታት የሚባለው ራስን በጠባብ መቀነት እንደ ታሰረ ያህል በሁለቱም ወገን የሚጫን ነው። አንገትና ትከሻ አብረው ይደነድናሉ፤ ሆኖም ሰውዬው ሥራውን እንደ ምንም ሊሠራ ይችላል። ማይግሬን ግን ከዚህ የከፋ ነው። ብዙ ጊዜ የራስን አንዱን ወገን ይዞ እንደ ደም ሥር ትርታ ይወቅራል፤ ደረጃ በመውጣት ይብሳል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ጩኸት ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቈያል። አንዳንዱም ሕመምተኛ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በዐይኑ ላይ የሚብለጨለጭ ብርሃን ወይም የተሰበረ መስመር ይታየዋል። ማይግሬን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል፤ በቤተ ዘመድም ይወረሳል። የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነውና ከስንፍናም ከዐይነ ጥላም የመጣ አይደለም።

ስለ ኪኒን መብዛት

ብዙ ሰው ራሱን ባመመው ቍጥር ከሱቅ ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። አልፎ አልፎ ሲሆን ጕዳት የለውም። ነገር ግን ተራውን የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፥ ድብልቅ የሆነውን ደግሞ በወር 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፥ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ራስ ምታተኛ መድኀኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ሕመሙ ይነሣል፤ ኪኒኑ ያስታግሠዋል፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውዬውም ሌላ ይጨምራል። እንዲህ ያለው ሰው የሚድነው ኪኒኑን በመጨመር ሳይሆን በሐኪም ምክር በመተው ነው። ስለዚህ ያለ መድኀኒት የሚረዳውን መንገድ ማወቅ ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ ሳይሆን ለመዳንም ያስፈልጋል።

ስለ ቡና፥ ስለ ምግብና ስለ ውሃ

በየዕለቱ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ቡናው በቀረበት ቀን ራሱን ቢያመው አያስደንቅም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በየቀኑ ሲገባ አንጎልና የደም ሥሮቹ ይለምዱታል። ድንገት ሲቀር ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ ከ2 ቀን እስከ 9 ቀንም ሊቈይ ይችላል። ጾም በገባ ሰሞን ብዙ ሰው ራሱን የሚያመው በረኃብና በውሃ ጥም ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በጥቂት በጥቂት ቀን አንድ አንድ ስኒ እየቀነሰ ቢሄድ አካሉ ሳይደነግጥ ይለምዳል። በረመዳንም በሱሑርና በኢፍጣር ጊዜ ውሃ በሚገባ መጠጣት ይረዳል።

ማይግሬን ያለበት ሰው ጾም በሌለበት ቀን ምግብ መዝለል አይገባውም። ቍርሱን ሳይበላ ወጥቶ እስከ ስምንት ሰዓት በባዶ ሆዱ የሚውል ጸሓፊ፥ ነጋዴ ወይም ተማሪ ሕመሙን ራሱ ይጠራዋል። በፀሓይ የሚሠራም ሰው ውሃ እስኪጠማው መጠበቅ የለበትም። ጠላም ሆነ ጠጅ ወይም አረቄ የውሃን ቦታ አይተካም፤ እንዲያውም የአልኮል መጠጥ ማይግሬንን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።

ስለ እንቅልፍና ስለ አካል እንቅስቃሴ

ማይግሬን ያለበት አንጎል ለውጥን አይወድም። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን እንደሚያስነሣ ሁሉ ከልክ ያለፈ እንቅልፍም ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ በሥራ ቀንም በበዓል ቀንም በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣት ዋጋ የማይከፈልበት ሕክምና ነው።

የአካል እንቅስቃሴም እንደዚሁ ነው። በስዊድን ተደርጎ በ2011 በታተመ ጥናት 91 የማይግሬን ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ክፍል በሳምንት 3 ጊዜ 40 ደቂቃ የቤት ውስጥ ብስክሌት ነዳ፤ ሁለተኛው አካልን የማዝናናት ልምምድ አደረገ፤ ሦስተኛው ለመከላከያ የሚሰጠውን መድኀኒት ወሰደ። በሦስቱም ክፍሎች የሕመሙ ምልልስ ቀነሰ፤ በመካከላቸውም ጕልህ ልዩነት አልተገኘም። ብስክሌት የሌለው ሰው ፈጠን ብሎ በእግሩ ቢሄድ ይበቃዋል፤ ቢሆንም ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ሳይሆን ደኅና በሆነበት ቀን ነው።

ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ፥ የሚሰፋ ወይም የሚያነብ ሰው በየሰዓቱ ብድግ ብሎ ትከሻውንና አንገቱን ማፍታታት ይገባዋል። ከሰሌዳ ሲያነብ ዐይኑን የሚያጨናብስ፥ ከትምህርት ቤትም ራሱን እያመመው የሚመለስ ልጅ ከመቈጣት በፊት ዐይኑን ማስመርመር ያሻል።

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ

ሕመምተኛው ጨለማና ጸጥታ ባለው ክፍል ይተኛ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ግንባሩ ወይም ማጅራቱ ላይ ይደረግለት። እናቶች ራሳቸውን በሻሽ አጥብቀው የሚያስሩት በከንቱ አይደለም፤ ግፊቱ ብዙ ሰዎችን ለጊዜው ያሳርፋቸዋል። በቀስታ አየር ስቦ በቀስታ መተንፈስ፥ ጡንቻንም ከእግር ጀምሮ በተራ ጨብጦ መልቀቅ በተለይ የውጥረቱን ራስ ምታት ያለዝባል። በጀርመን በ1996 በታተመ ጥናት 10 በመቶ የናና ዘይት ያለበት ቅባት በግንባርና በሰሌን ዐጥንት አካባቢ ሲቀባ የውጥረት ራስ ምታትን 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በሚያስታግሠው መጠን አስታግሧል። ቅባቱ ወደ ዐይን እንዳይገባ መጠንቀቅ፥ ለሕፃናትም አለመቀባት ይገባል።

በየጓሮው የሚገኘው ዳማከሴ ለምችና ለራስ ምታት ከጥንት ጀምሮ ይታሻል፤ ሽታውም ለሕመምተኛው ዕረፍት ከሰጠው የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን ከመሬት የበቀለ ሁሉ አይጐዳም ማለት ስሕተት ነው። በአውሮፓ ከሚበቅል አንድ ተክል ሥር የሚወጣ መድኀኒት በአሜሪካን አገር በነርቭ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ለማይግሬን መከላከያ ተመክሮ ነበር፤ ጕበትን ይጐዳል የሚል ሥጋት ስለ ተነሣ ግን ምክሩ በ2015 ተሽሯል። ነፍሰ ጡር ሴትም ጤና አዳምን ጨምቃ ወይም አፍልታ መጠጣት አይገባትም። ዋግምትና ብጣት ደግሞ ባልነጻ ምላጭ ሲደረግ ከራስ ምታት እጅግ የከፋ የደም በሽታ ያስተላልፋል።

ስለ ከሰል

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር ይነገራል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉት የደጋ ከተሞች ሌሊቱ ሲበርድ ሰው የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። ከሰሉ ጢሱ አልቆ ቀይ ፍም ስለ ሆነ ሰውዬው አይጐዳም ብሎ ያስባል። ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከፍሙ ይወጣል። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ አየር ያጣል።

የዚህ መርዝ የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታት ነው፤ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ወደ ደጅ ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ምክንያቱ የቡና ሱስ ወይም ጕንፋን ነው ተብሎ አይታለፍ። ቡና በሚፈላበት ጠባብ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ራሴን ያመኝ ቡና ስላጣሁ ነው የሚል ሰው ቡናው የሚፈላበት ከሰል አሞት ይሆናል። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ አየር ማውጣት፥ የከፋበትንም ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ፈጥኖ ማድረስ ይገባል። ለዚህ ራስ ምታት ጨርቅ ማሰርም ኪኒን መዋጥም አይጠቅምም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባበት ጊዜ

ከዚህ በላይ የተነገረው ምክር ለታወቀና ለተለመደ ራስ ምታት ነው። ነገር ግን በቅጽበት እንደ መብረቅ የሚመታ፥ ትኵሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፥ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የመጣ፥ አንደበትን የሚያስር ወይም እጅና እግርን የሚያሰንፍ፥ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ ራስ ምታት አንድም ቀን አይሰጠውም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት ውስጥ ስለምትገኝ በበጋ ወራት ትኵሳት ያለበት ራስ ምታት በብርቱ ሊያሳስብ ይገባል፤ ከቆላ የመጣ ሰውም የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ ከባድ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ ቢያገኛት የደም ግፊቷ በዚያው ዕለት ይመርመር፤ የእናትም የልጅም ሕይወት በዚያ ላይ ነው።

ከቤተሰብና ከሹማምንት ስለሚጠበቀው

ራሱን የሚያመው ሰው አንድ ደብተር ይያዝ። ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፥ የበላውንና የጠጣውን፥ የተኛበትን ሰዓት፥ የዋጠውንም ኪኒን ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችልም ልጁን ያስጽፍ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙን የሚያስነሣው ነገር ከገጹ ላይ ይነበባል፤ ለሐኪሙም ከብዙ ቃል ይልቅ ይህ ደብተር ይረዳዋል።

የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ለሠራተኛው የሚጠጣ ውሃና የምሳ ሰዓት ቢጠብቁለት፥ መምህራን ዐይኑ የደከመውን ልጅ ለይተው ለወላጆቹ ቢያስታውቁ፥ የእድር ዳኞችም ክረምት ሳይገባ የከሰልን ነገር በየስብሰባቸው ቢያሳስቡ፥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ሥራ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው ነው። በተለይም ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት እያንዳንዱ የቤት አባወራና እማወራ የከሰሉን ምድጃ ከመኝታ ቤት ወደ ደጅ ያውጣ።