የከርሰ ምድር ከሰልና የአጥቢያችን ግራር
(በአዳማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየአጥቢያው ስንዘዋወር ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡልናል። አንደኛው «የፋብሪካ ጭስ በምድር ውስጥ ይቀበራል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የተጀመረውን ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም በይዞታችን ያሉትን ግራሮች ለከሰል ብንሸጥስ?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የተራራቁ ቢመስሉም ሁለቱም ካርቦንን ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ ናቸውና ዛሬ አንድ ላይ ልናያቸው ወደድን።

የመጀመሪያው እውነት ነው። የድንጋይ ከሰል በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝም በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ከሰል ሁሉ ለዚህ አይበቃም። ባለሙያዎች ከጥልቅ ጉድጓድ ናሙና አውጥተው ሦስት ነገሮችን ይመረምራሉ።

አንደኛ፣ ምን ያህል ይይዛል? እርጥበቱና አመዱ የበዛ ከሰል ለጋዙ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ያስገባል ወይ? ጋዙ የሚያልፈው በከሰሉ ስንጥቆች ነው፤ ከሰሉ ግን ጋዙን ሲቀበል ያብጣል፤ ሲያብጥም የገዛ መግቢያውን ያጠብባል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1995 በተጀመረው ሙከራ ይኸው ታይቷል። ሦስተኛ፣ የገባውን ያቆያል ወይ? ከበላዩ ጋዝ የማያሳልፍ የዐለት ክዳን ያስፈልገዋል።

በሀገራችን የድንጋይ ከሰል በያዩ፣ በደልቢ ሞዬ፣ በጭልጋና በውጫሌ ይገኛል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ የምንረግጠው ምድር ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አመድና የሐይቅ ደለል ሲሆን ስንጥቅ የበዛበት ነው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ ተመራማሪዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተራራው በየቀኑ ከ250 እስከ 500 ቶን የሚገመት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ መውጫውም በአብዛኛው ስንጥቁ ነው። እንዲህ ባለ ምድር ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በአይስላንድ ጋዙን በውኃ አሟሙቶ በባዛልት ዐለት ውስጥ ወደ ድንጋይነት መለወጥ ተችሏል፤ ለሸለቆአችን ይበጅ እንደ ሆነ መመርመር ግን የምሁራን ድርሻ እንጂ የሰበካ ጉባኤ ሥራ አይደለም።

የእኛ ድርሻ ከደጃችን አለ። እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ስለ ግራራችን እንጠይቅ። ይይዛልን? የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ያስገባልን? ያለ መሣሪያና ያለ ጉድጓድ፣ በቅጠሉ ከአየር ይስባል። ያቆያልን? ይህን የሚወስነው የዐለት ክዳን ሳይሆን የእናንተ ቃለ ጉባኤ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል እንጨት ከ10 ኩንታል የሚገኘው ከሰል ከ2 ኩንታል እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ከሰሉም በምድጃ ሲነድ ከእያንዳንዱ ኪሎ ካርቦን 3.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ዛፉ በብዙ ዓመት የሰበሰበውን በጥቂት ቀን እንበትነዋለን።

ጣሪያ ያልለበሰ ቤተ መቅደስ ዝናብ ሲገባበት ማየት እንዴት እንደሚያሳዝን እናውቃለን። ከሰል አክስሎ ልጆቹን የሚያሳድገውንም ምእመን አንኮንንም። ነገር ግን የግራሩ ዋጋ ጣሪያውን ሳያዳርስ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥላውም ገንዘቡም አይኖርም። ስለዚህ በቅድሚያ በይዞታችሁ ያሉትን ዛፎች ቆጥራችሁ ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር በንብረት መዝገብ አስፍሩ። ለማገዶ የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ ውሰዱ። ዛፍ የመሸጥ አሳብ ሲነሣ በጥቂት ሰዎች ፊርማ ሳይሆን በምእመናን ጉባኤ ፊት ይወሰን። በግራሩ ሥር ቀፎ አኑሩ፤ የማሩ ገቢ እንደ ከሰሉ ፈጥኖ ባይመጣም ዛፉ እስካለ ድረስ ይመላለሳል።

አዳም ገነትን የተቀበለው ሊጠብቃት ነበር። እኛም አባቶቻችን ጠብቀው ያስረከቡንን ጠብቀን እናስረክብ ዘንድ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።