«ሄደ» ስንል ምን ያህል ሄደ?
(ለዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን ስትሮክ መትቶት የነበረ ሰው ከአልጋው ሲነሣ «እግዜር ይመስገን፣ ሄደ እኮ!» እንላለን። ሕክምናውም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ታዲያ እንዴት ሄደ? ስንት ሜትር፣ በስንት ሰከንድ? ይህን የሚጠይቀው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው።

ባለሙያው አስቀድሞ በዓይኑ ያያል። የእግሩ ጣቶች መሬት ይጭራሉ ወይ? እግሩን እንደ ማጭድ ወደ ውጭ አዙሮ ነው ወይ የሚያመጣው? በታመመው እግር የሚቆምበት ጊዜ ካጠረ፣ እግሩ ገና ክብደት መሸከም አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ዓይን ግን ያደላልና ሰዓት ይያዛል። በሽተኛው እንደ ልማዱ 10 ሜትር ሲራመድ ይለካል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ዣክሊን ፔሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ስትሮክ የመታው ሰው ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.4 ሜትር በታች ከሆነ፣ ማለትም 10 ሜትሩ ከ25 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት፣ እርምጃው ለቤት ውስጥ ብቻ የሚበቃ ነው። ውጭ እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ ከ0.8 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህ ወንድማችን በለቅሶ ላይ ሲቀር «ሲሄድ አይተነዋል» ብለን የቀሪ ቅጣት ልንጽፍበት ነው?

ሌላም መለኪያ አለ፤ ከወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። አረጋዊ ሰው 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀበት የመውደቅ ሥጋት አለበት ይባላል። እኛ ግን ከሰከንዱ ይልቅ መዞሩን አጥብቃችሁ እዩ እንላለን፤ ሲዞር የሚንገዳገድ ሰው በጠባብ ጓዳ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ቤተሰብ ደግሞ በምርመራ ጊዜ ከፍቅር የተነሣ ክንዱን ይደግፋል። ይኼ ልኬቱን ያበላሻል። ከዘራ ከለመደ በከዘራው ይሂድ፤ ከዘራውም የሚያዘው በደኅናው እጅ ነው። ቤት ውስጥ ልሞክር የሚል ቢኖር ለብቻው አይሁን፣ ሰው አጠገቡ ይቁም። ውጤቱንም ከነቀኑ ጻፉት፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች ቀን የሌለው ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ያለፈው ወር ቁጥር ከሌለ መሻሻሉ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው። የቀሪ ቅጣት ከመጻፉ በፊት የአባሉ አካሄድ ይጠየቅልን። በድንኳን ውስጥም ከአግዳሚው ሌላ፣ የክንድ መደገፊያ ያላቸው ጥቂት ወንበሮች በመግቢያው አጠገብ ይቀመጡልን።