ብቻውን ስለሚሄድ መንገደኛ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት አባቶች ስለ ደብሩ አሠራርና ስለ አገልጋዮቹ ታሪክ በሚገባ ስለ ተናገሩ፣ ለእኔ የቀረልኝ ካህናቱን ወደዚህ ስላመጣቸው ነገር፣ ማለት ስለ እግር መንገድ መናገር ነው። የሽማግሌ ነገር ነውና ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው የጮቄ ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጠምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚያ ይመነጫሉ፤ በየወገናቸው ወርደው በመጨረሻ ሁሉንም ዓባይ ይሰበስባቸዋል። ይህን የውሃውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የባሕር ማዶ ሰዎች ስለ ጎጃም ተራሮች ብዙ ጽፈዋል። የእስጳንያው ሰው ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. ግሽ ዓባይን አየ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ደረሰበት፤ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማንም የዓባይን ዳር እየተከተለ ካርታ አነሣ። ድካማቸውን አላቃልልም። ነገር ግን በቅሎና ጭነት፣ አሽከርና መሪ ነበራቸው። በአገራችን ተራራውን ብቻውን፣ በቀስታ፣ ያለ መሣሪያ ሲያቋርጥ የኖረው የቆሎ ተማሪ ነው። ልብሱ ደበሎ፣ ጓዙ አኮፋዳ ነው፤ በትሩም ለውሻ እንጂ ለሰው አይደለም።

ይህን ያህል የሚያስኬደው ትምህርቱ በአንድ ቦታ ስለማይገኝ ነው። ቅኔ በዋሸራና በጎንጅ፣ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ አቋቋም በጎንደር ነው። ስለዚህ የጋይንቱ ልጅ ለቅኔ ወደ እኛ ይመጣል፤ የእኛው ልጅ ለድጓ ዓባይን ተሻግሮ ወደ እርሱ አገር ይሄዳል። በ1902 ዓ.ም. በዚሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምረዋልና፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፋቸው የተማሪን ኑሮ ከሩቅ ሰምተው አልጻፉትም።

እኔ በ1957 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከፈረስ ቤት ወገን ተነሥቼ ጮቄን አቋርጬ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ልሄድ ወጣሁ። አባቴ እስከ መንደሩ ዳር ሸኝቶኝ፣ «ጉም ከያዘህ ቁም፤ አልገለጥ ካለህ ውሃ ይዘህ ውረድ፤ ውሃ ባለበት ሰው አይታጣም» አለኝ።

የገብሱንና የእንግዶውን ማሳ አልፌ፣ ቤት አልቆ ጓሳና ጅባራ ብቻ ከቀረበት ስደርስ ትንፋሼ አጠረ። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆም ነበር። ያን ጊዜ ስንፍና መስሎኝ አፈርሁ፤ ዛሬ ግን በዚያ ከፍታ ላይ ሲቸኩል ኖሮ ደኅና የገባ ሰው አላውቅም። ከቀትር በኋላ ጉሙ መጣ። ጅባራው ሁሉ የቆመ ሰው መስሎ ታየኝ፤ ለአንዱማ ጎንበስ ብዬ «እንዴት ዋሉ» ብዬዋለሁ። ቀጥሎ በረዶ ወረደ። እኔም የአባቴን ቃል ይዤ በመጀመሪያ ያገኘሁትን ውሃ ተከትዬ ወረድሁ። አባቴ ያልነገረኝ አንድ ነገር የጮቄ ውሃ በሁሉም ወገን እንደሚወርድ ነው። ወደ ምሥራቅ የምወርድ መስሎኝ የጨሞጋን ምንጭ ይዤ ኖሯል።

ሲመሽ ውሻ ጮኸብኝ፤ አንዲት አሮጊት ኩራዝ ይዘው ወጡ።

«ማነህ አንተ?»

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ እሜቴ፤ መሽቶብኝ ነው። ወደ ዲማ እሄዳለሁ።»

«ዲማማ በተራራው በዚያ ወገን ቀረልህ፣ ልጄ፤ ግባ» ብለው ሣቁ።

እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ፤ ደበሎዬን ከእሳት ዳር ዘረጉት፤ የገብስ እንጀራ አበሉኝ። ከዚያ በኋላ በዝግታ ይጠይቁኝ ጀመር። አንድ ልጃቸው ለድጓ ወደ ጋይንት ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወሬው የለም። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ነገሩኝ። «በደረስህበት ጠይቅልኝ፤ ብታገኘው እናትህ ደኅና ናት በለው፤ የሰማኸውንም ሁሉ በመንገደኛ ላክብኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ በዚያ ተራራ ፖስታ አልነበረም፤ ፖስታው ብቻውን የሚሄደው መንገደኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባደርሁበት ቤት ሁሉ ይህንኑ አየሁ፤ አብልተው ሲሸኙኝ አንድ ጥያቄ ያስይዙኝ ነበር።

በዲማ ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ከቤተልሔም አንድ ተማሪ መጣ። እንዲህ ያለ ልጅ ከሞጣ በታች ባለው በሰባራ ድልድይ፣ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት በነበረው፣ ተሻግሮ ከጋይንት ሲመለስ በበረሃው ንዳድ ታሞ እንደ ሞተ ነገረኝ። የጠባሳው ምልክት ገጠመ። ልጁ ወደ እናቱ እየተመለሰ ነበር ማለት ነው።

ለእናቲቱ መንገር የእኔ ዕዳ ሆነ። ክረምት ነው አልሁ፤ ቅኔዬን ልፈጽም አልሁ፤ በሰው ልላክ ብዬም ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። በ1964 ዓ.ም. በዚያ ሳልፍ ቤቱን ሌሎች ሰዎች ይዘውት ነበር። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ አኮፋዳ የያዘ ባዩ ቍጥር እየጠሩ ይጠይቁ እንደ ነበር ጎረቤቶች ነገሩኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንጂ በጉባኤ ተናግሬው አላውቅም።

ዛሬ መኪናና ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን መንገዱም ስልኩም ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፤ ብቻውን የሚሄድን እንግዳም ሰው በጥርጣሬ ያየዋል። ቢሆንም ልጆቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ባለፈው ሳምንት አንዱ በደጀ ሰላማችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰምቼ፣ ካበላነው በኋላ ስሙን፣ የእናቱን መንደርና የሚሄድበትን ጉባኤ ቤት በደብተር ጻፍሁ። እስካሁን 23 ልጆች ተጽፈዋል። ደብተሩ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ወደ ሞጣ፣ ወደ ቢቸናና ወደ ፈረስ ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ገልጣችሁ እዩልኝ፤ በመንገዳችሁ ላይ ያለች እናት ትኖር ይሆናል።