ኪስ የሚያረጥበው ቬፕ

አቅራቢዋ፦ አንድ አድማጫችን ከሐዋሳ ተነስተው አዲስ አበባ ሲገቡ ኪሳቸው ርሶ አገኙት። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ የሰጣቸው ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አፍስሶ ነው። "ተሰብሮ ይሆን?" ይላሉ።

አቅራቢው፦ ላይሆን ይችላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሽቅብ ስትወጪ የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ የቬፑ ፈሳሽ መያዣ ታንክ ውስጥ የታመቀው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። የታሸገ ቺፕስ መንገድ ላይ ሲነፋ አይተሽ የለ?

አቅራቢዋ፦ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ሲስቡት የሚንተከተክባቸውስ?

አቅራቢው፦ እሱ ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ያለበት ክፍል ፈሳሽ ሞልቶት ነው። መሣሪያውን ማጥፋት፣ ታንኩን መንቀል፣ በሶፍት ይዞ ማራገፍ። ኮይሉ መጥበቁን፣ የላስቲክ ቀለበቱ አለመሰንጠቁን ማየት። ሙቀትም ፈሳሹን ያቀጥነዋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም። ባትሪው ከራሰ ግን ቻርጅ ማድረግ የለም!

አቅራቢዋ፦ እኔን ያሳሰበኝ ኪሳቸው ነው። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል። ልብሱን አውልቆ ገላን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ልጅ ከቀመሰው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት።

አቅራቢው፦ መለዋወጫስ?

አቅራቢዋ፦ በሕጋዊ መንገድ የትም! አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ከልክሏል። ከጓዳ የሚሸጠውን ፈሳሽ ማን መረመረው? እኔ ብሆን አልጠግነውም። አድማጫችን፣ ቢጠግኑትም ቢጥሉትም ልጆች እጅ እንዳይገባ አደራ።