ዝናብን የሚያጠኑ ዩኒቨርሲቲዎች

አቀስታ ከተማ አካባቢ የበልግ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ከየካቲት ጀምሮ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ዝናቡ ከዘገየ ገብሱ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል።

ይህን የዝናብ ሁኔታ የሚያጠና ተቋም አገራችን ውስጥ አለ? አዎ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአየር ንብረትና ግብርና ላይ የሚሠራ የልህቀት ማዕከል አለው፤ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተቋቋሙት 24 የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ማዕከላት አንዱ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ያሠለጥናል።

የዚህ ጥናት ጥቅም ምንድን ነው? የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲከሰት፣ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. እንዲሁ ሆኖ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈልጓል። የዝናብ ትንበያው ቀድሞ ከደረሰ ግን ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመርጣል። ስለዚህ ከመዝራትዎ በፊት የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ትንበያውን ይጠይቁ።