ከትምህርት ደጃፍ እስከ ሥራ ወንበር



 የኮሌጃችሁ የምረቃ ቀን የደስታ ቀን ነውና በዚህ ቀን የሚናገር እንግዳ ደስታን የሚጨምረውን ብቻ ተናግሮ ቢቀመጥ የሚነቅፈው አይኖርም፤ ነገር ግን የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ ወጣቱ የትምህርት ማስረጃውን በፖስታ ይዞ ከሚቆምበት ጠረጴዛ በወዲያኛው ወገን ስለ ሆነ፣ ከዚህ አዳራሽ እስከዚያ ጠረጴዛ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁና ስለ እርሱ ሳልናገር ብቀር ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ይልቁንም ማየትና መስማት የተሳናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ ልጆቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ስመለከት፣ የዛሬውን ቃሌን በእነርሱ ጉዳይ ላይ ባደርገው ሌሎቻችሁ ቅር እንደማትሰኙብኝ አምናለሁ።

አንድ ዐይነ ስውር ልጅ ከገጠር መንደር ተነሥቶ እስከዚህ የሚደርሰው በብዙ ሰዎች ተደግፎ ነው። የብሬይልን ፊደል ያስቆጠረው መምህር አለ፤ መጽሐፉን ቀድሞ በቴፕ፣ ኋላም በስልክ እየቀዳ ያነበበለት የክፍል ጓደኛ አለ፤ በፈተና ቀን ከጎኑ ተቀምጦ ጥያቄውን ያነበበለት፣ መልሱንም የጻፈለት ሰው አለ። መስማት ለተሳናት ልጅ ደግሞ መምህሯ በአፉ የተናገረውን በእጁ የሚያደርስላት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በክፍሉ ፊት ይቆምላት ነበር። እነዚህ ድጋፎች ጉድለት ባያጣቸውም፣ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ ኃላፊና ተቆጣጣሪ አላቸው፤ ዲፕሎማውን ተቀብሎ ከግቢው በወጣበት ሰዓት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ። ትምህርት ቤቱ ድርሻዬን ፈጽሜአለሁ ይላል፤ አሠሪው ወደ እኔ የመጣ የለም ይላል፤ ቤተ ሰቡም ልጁን ከእንቅፋት ለመጠበቅ ሲል ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ በዚህም ዐይነት በሁለቱ ደጃፎች መካከል ያለው አጭር ርቀት ባለቤት ያጣ ምድር ሆኖ፣ ብዙ የተደከመበት ወጣት በዚያ ደጅ ሲጠና ዕድሜው ያልፋል። እኔ የምለምነው ያ ምድር ባለቤት እንዲያገኝ ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ተማሪውን የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪቀበል ድረስ እንዳያሰናብተው፣ እስከዚያም ቀን መምህሩና አሠሪው ከሁለት ወገን ይዘው እንዲያሻግሩት ነው።

ይህ አሳብ ከባዕድ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዐይነ ስውር ተማሪ ዜማውንም፣ ቅኔውንም፣ የመጻሕፍቱንም ትርጓሜ በጆሮው እየተቀበለ በልቡ ጽላት ላይ ሲጽፍ፣ ዐይናማው ጓደኛው መጽሐፍ ገልጦ የሚፈልገውን እርሱ በቃሉ ሲያደርሰው መኖሩን ከዚያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ትጋት ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ነው፤ ተማሪው ዕውቀቱን ባደላደለ ጊዜ ያስተማረው መምህር ራሱ ይመሰክርለታል፣ የሚቀበለውም ደብር ወንበር ዘርግቶ፣ መተዳደሪያውን ቈርጦ፣ በፊቱ ተማሪ ሰብስቦ ያስቀምጠዋል፤ ዕውቀቱ ተፈልጎ ስለ ሆነ የዐይኑ ጉዳይ ከጉባኤው ደጅ አያስቀረውም።

ወደ ኋላ ርቀን ብንመለከትም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረውን ዲዲሞስን እናገኛለን። ይህ ሰው በ4 ዓመት ዕድሜው፣ ፊደል ሳይቆጥር ዐይኑ የጠፋ ሲሆን፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብን እንደ ተማረ ይነገርለታል፤ በሊቅነቱም በታወቀ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ የእስክንድርያን የትምህርተ ሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዲመራ ሾመው፣ ሄሮኒሞስን የመሰሉ ሊቃውንትም ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ተማሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፊደሉን የቀረጸ እጅ አለ፤ ቀጥሎም በሥራው ላይ የሾመ እጅ አለ። በአገራችን ሰበታ በሚገኘው መርሐ ዕውራን፣ በመካኒሳው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ በእነዚህም አምሳል በቆሙ ሌሎች ቦታዎች ፊደል የሚቀርጹ እጆች ለብዙ ትውልድ ሲደክሙ ኖረዋል። እጅግ የጎደለን የሚሾመው ነው።

ሕግ ጎድሎ ነው እንዳንል ሕጉ አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ በፊተኛው በአዋጅ ቁጥር 101/1986 ምትክ ወጥቶ፣ አካል ጉዳተኛው ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ኖሮት በውድድሩ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካገኘ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲመች አድርጎ እንዲያስተካክል ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው መነሻ የሚሆን ማስረጃ ባቀረበ ጊዜ፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ትከሻ ላይ ይጥላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ መውጣት ለማይችሉት የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውም ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በ27ኛው አንቀጹ ሥራን መብት አድርጎ የሚቈጥረው፣ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ወጣቱ በውጭ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ይለጠፋል፣ ዐይነ ስውሩ መንገደኛን ለምኖ ካላስነበበ በቀር መኖሩንም አያውቅም፤ ለፈተና የተመረጡት በስልክ ይጠራሉ፣ መስማት የተሳናት አመልካች ስልኳ ጠርቶ ሲያበቃ አልተገኘችም ተብላ ትሰረዛለች፤ ፈተናው በሦስተኛ ፎቅ ይሆናል፣ ሊፍትም የለም፤ ከዚህ ሁሉ ያለፈውም ቢሆን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድና ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል። ከእነዚህ አንዱንም ማንም ሰው በክፋት አስቦ አላደረገው፤ የቆየ ልማድ ነው፣ የልማድም ከባድነቱ የሚጠየቅበት ሰው አለመገኘቱ ነው።

የበሩ ጥበት የሚጀምረው ግን ከዚያም አስቀድሞ፣ በትምህርት ቤት ነው። ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሒሳብን ትምህርት እየተዉ፣ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ታሪክና ወደ ሕግ ብቻ ሲመሩ ኖረዋል፤ በእነዚህ ሙያዎች የደመቁ መምህራንና ጠበቆች መውጣታቸው የሚያኮራ ቢሆንም፣ የኮምፒዩተርን ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ በተገኘበት በዚህ ዘመን የሂሳብ መዝገብን በር በልጅነታቸው መዝጋት በእኔ አስተያየት ታላቅ በደል ነው። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም የትብብር ሥልጠናው ቦታ ሲደለደል አካል ጉዳተኛው ተቀባይ ድርጅት አጥቶ በግቢ ይቀራል፤ በብቃት ምዘናውም ቀን መዛኙ ትእዛዙን በቃል ሲሰጥ አስተርጓሚ ካልተጠራ፣ እጇ የሚያውቀውን ሥራ ጆሮዋ ስላልሰማው ብቻ አልበቃሽም የምትባል ልጅ አለች።

አሁን ደግሞ መሻገር የሚቻል መሆኑን በዐይኔ ያየሁበትን አንድ ነገር ላንሣ። በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት መስማት የተሳነው ወጣት ሊቀጠር በቀረበ ጊዜ፣ ባለቤቱ ደግ ሰው ሆኖ ሳለ ፈራ፤ መጋዙና መላጊያው በሚሽከረከርበት ቤት ጠንቀቅ በል ቢሉት የማይሰማ ሰው አደጋ ቢደርስበት ማን ይጠየቃል አለ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። የወጣቱ መምህር ግን የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ በመላክ ፈንታ ራሱ መጣ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት እየተገኘ ከፎርማኑ ጋር ሆኖ እያንዳንዱን ማሽን ዞረው ተመለከቱ። ከወጣቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ከኋላው የሚመጣውን የሚያሳየው መስታወት ተሰቀለ፤ ማሽኑ ኃይል ሲያገኝ የሚበራ ቀይ አምፖል ከማብሪያው አጠገብ ተደረገ፤ ሠራተኞቹም ቁም፣ ጠብቅ፣ አንሣ፣ ምሳ የሚሉትን ምልክቶች ተማሩ። ልኬት መነጋገር ሲያስፈልግ ጠረጴዛው ላይ በተበተነው ሰጋቱራ ላይ ቁጥሩን በጣታቸው ይጽፉና መልሰው በመዳፋቸው ያብሱታል። ጥቂት ቆይቶ ይህ ወጣት መዳፉን በመላጊያው ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ምላጩ መዶልዶሙን ከንዝረቱ ያውቅ ጀመር፤ ጆሮ ያላቸው ባልደረቦቹ ገና ምንም ሳይሰሙ እርሱ ማሽኑን አጥፍቶ ምላጩን ሲፈታ ያየው ባለቤት፣ ከዚያ ወዲያ ስለ አደጋ አልተናገረም። መምህሩም መምጣቱን ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ በመጨረሻም ተወው፤ ሥራውን የፈጸመው ያን ጊዜ ነው።

ክቡራን አሠሪዎች፤ በዚህ ነገር ውስጥ የወጣውን ገንዘብ አስሉት፤ አንድ መስታወትና አንድ አምፖል ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ከጠረጴዛው እግር ሥር የሚገባ ጥቂት ጡብ ይበቃታል። ውዱ ነገር የሰው ጊዜ ነው፤ እርሱንም ኮሌጁ ከእናንተ ጋር ሊካፈለው ይችላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባችኋለሁ፤ እነዚህን ወጣቶች በርኅራኄ አትቅጠሯቸው። ምጽዋት የተቀደሰ ምግባር ነው፣ ቦታውም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሙያ ያለውን ሰው በአንድ ጥግ አስቀምጦ ሥራ ሳይሰጡ ደመወዝ መክፈል ሠራተኛውን ያዋርደዋል፣ ቀጥሎ ለሚመጣውም አካል ጉዳተኛ መንገዱን ያበላሽበታል። እንደ ሌላው ሠራተኛ እዘዟቸው፣ ሲያጠፉ ገሥጿቸው፣ ሲያለሙ አሳድጓቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ይልቁንም የሴት ልጆች ወላጆች፣ ልጃችሁን ከዚህ አዳራሽ ወደ ጓዳ እንዳትመልሷት። በወሎ በሳይንት ተወልደው በ5 ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ፣ በልጅነታቸው ከቤት ርቀው ሻሸመኔ በሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባይላኩ ኖሮ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ተከራክረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለመቀበል ባልበቁም ነበር። ሴት አካል ጉዳተኛ ድርብ ሸክም እንዳለባት ያ የጠቀስሁት የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ራሱ አስቦበታልና፣ ሥራ ስትጀምር የምትሄድበትን ታክሲ፣ የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት አብራችኋት ተመልከቱ እንጂ፣ ስለምትፈሩላት አታስቀሯት።

ውድ ምሩቃን፤ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የአዋጁን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ለሥራ በቀረባችሁበት ቀን የሚያስፈልጋችሁን ነገር ሳታፍሩና ሳታበዙ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ፈተናው በብሬይል ወይም በኮምፒዩተር እንዲሆንላችሁ፣ ጥሪው በጽሑፍ መልእክት እንዲደርሳችሁ፣ አስተርጓሚ እንዲገኝላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አሠሪው የሚያስፈልጋችሁን የሚያውቀው እናንተ ስትነግሩት ነው። ከመካከላችሁ ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ወሬ ያድርስ፣ ክፍት ቦታም ሲኖር ይጥራው። አካል ጉዳት የሌለባችሁም ምሩቃን፣ ነገ አለቆች ስትሆኑ በክፍል አብሯችሁ የተቀመጠውን ጓደኛችሁን ችሎታ ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ማመልከቻው በእጃችሁ በገባ ጊዜ የምታውቁትን መስክሩ።

ክቡር ዲኑ ንግግሬን ሳዘጋጅ በነገርኋቸው ጊዜ ፈቃዳቸውን ስለ ሰጡኝ፣ የኮሌጁ የሥራ ትስስር ክፍል ባልደረቦች ከአዳራሹ መውጫ በስተቀኝ ጠረጴዛ ዘርግተው መዝገብ ይዘው ይጠብቃሉ። እዚህ የተገኛችሁ የድርጅትና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ መዝገብ ላይ አንድ የሥራ ቦታ፣ የሥራውን ዐይነት፣ መምህሩም የሚያነጋግረውን የፎርማን ወይም የክፍል ኃላፊ ስም እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ መምህራኑ ከምሩቃኑ ጋር እየሆኑ ወደምትጽፉት አድራሻ ይመጣሉ።