ሕፃኑን ከወንዝ ያወጣች እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ትምህርታችን የምንናገረው ባሕር ተሻግረው በሰው አገር የተቸገረውን ስለሚረዱ ክርስቲያኖች ነው። በዘመናችን ብዙ ሰዎች፥ ወጣቱም ሽማግሌውም፥ ደመወዝ ሳይሹ በበጎ ፈቃዳቸው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ እኛ አገር መጥተው እስከ ጂንካና እስከ ኦሞ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን የሄደ ሁሉ ረዳ ማለት አይደለምና፥ ርዳታ እንዴት እንደሚፈጸም ከቅዱስ መጽሐፍ እንማር።

በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 2 የሙሴን ልደት እናገኛለን። ፈርዖን የዕብራውያን ወንዶች ልጆች ወደ ወንዝ እንዲጣሉ ባዘዘ ጊዜ እናቱ ሦስት ወር ሸሸገችው፤ ከዚያ በላይ መሸሸግ ቢያቅታት ከደንገል በተሠራ ሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር አኖረችው። እኅቱም ከሩቅ ቆማ ትጠባበቅ ነበር። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን አየች፤ ባዕድ ስትሆን ራራችለት፤ ከውኃውም አስወጣችው። ልብ አድርጉ፤ ሕፃኑን ያጠባችው ግን የገዛ እናቱ ናት፤ እናቱንም ጠርታ ያመጣች እኅቱ ናት። የባዕዲቱ እጅ ባይዘረጋ ሕፃኑ በጠፋ ነበር፤ እኅቱም ባትቆም እናቱ ባልተገኘች ነበር።

ይህ ነገር በጥንት ዘመን ብቻ የተደረገ አይምሰላችሁ። በደቡብ ኦሞ በካራ፥ በሐመርና በበና ሕዝብ ዘንድ ሚንጊ የሚባል ልማድ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። የላይ ጥርሱ ከታች ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፥ ሥርዓቱም ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን ርግማን አለበት ተብሎ ይፈራል። እርሱ በሕይወት ቢኖር ዝናም ይቀራል፥ ረኃብና በሽታም ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን፥ ሕፃኑ በዱር ይጣል ወይም ወደ ወንዝ ይወረወር ነበር። ይህን ስንሰማ በዚያ ሕዝብ ላይ ጣታችንን ለመቀሰር አንቸኩል። ሽማግሎቹ መንደሩን ሁሉ ከጥፋት ያዳኑ ይመስላቸው ነበር፤ እናቶቹም እንደ ማንኛዋም እናት ያለቅሱ ነበር። የገዛቸው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትም በስድብ አይወጣም።

እግዚአብሔር መልካሙን ሥራ ያስነሣው ከዚያው ሕዝብ ልጅ ነው። ላሌ ላቡኮ የተባለው የካራ ተወላጅ ከወገኖቹ አስቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ ነው። እርሱ ሳይወለድ ሁለት እኅቶቹ በሚንጊ ምክንያት መገደላቸውን በ15 ዓመቱ ሰማ። ያንን ኀዘን በልቡ ይዞ አደገ። በኋላም ጆን ሮው ከተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ኦሞ ቻይልድ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ከሞት የተረፉ ከ30 የሚበልጡ ሕፃናትም በጂንካ ከተማ መጠለያና ትምህርት አገኙ። ላሌ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ በገዛ ቋንቋቸው መከረ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሎች ራሳቸው ሚንጊን በይፋ ሻሩ። እነሆ፥ ባዕዱ እጁን ዘረጋ፤ ወንድም በወንዙ ዳር ቆመ፤ ሕዝቡም የገዛ ልጁን ተቀበለ። በአጎራባቾቹ ዘንድ ግን ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልጠፋምና ሥራው ገና አልተፈጸመም።

እንግዲህ ለመርዳት የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። መጀመሪያ፥ ከመናገሩ በፊት ይስማ፤ የአገሩን ሽማግሌ ይጠይቅ፥ ቋንቋውንም ይማር። ሁለተኛ፥ ይሰንብት። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሕፃኑን አቅፎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው ለራሱ ደስታን ይዞ ይሄዳል፤ ሕፃኑ ግን የወደደው ሁሉ ጥሎት የሚሄድ ይመስለዋል። ሦስተኛ፥ የእናትን ቦታ አይውሰድ፤ ልጁ ወደ ወገኑ የሚመለስበትን መንገድ ይጥረግ እንጂ። የፈርዖን ልጅ እንኳ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ አሳድጊልኝ ብላለችና።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን የእንዲህ ያለውን እንግዳ ፍሬ ታውቃለች። አባታችን ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ ነበሩ፤ ዘጠኙ ቅዱሳንም ከሩቅ አገር መጡ። ቋንቋችንን ተማሩ፤ መጻሕፍትን ተረጐሙ፤ ገዳማትን ተከሉ፤ ዕድሜያቸውንም በመካከላችን ፈጸሙ። እንግዶች ሆነው መጥተው አባቶቻችን ሆኑ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል እስከ ጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ ግን ባሕር የለበትም። ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሲኖር፥ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የምንኖር እኛ የሐመርን እናት ስም እንኳ ሳንጠይቅ ብንቀር ምን መልስ አለን? ቤተ ክርስቲያናችን በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን ያቋቋመችው ይህን ዕዳ ስለምታውቅ ነው። ዕዳው ግን የኮሚሽን ብቻ አይደለም። አንቺ ነርስ፥ አንተ መምህር፥ ከዕድሜያችሁ አንድ ዓመት ለዚያ አገር ልታካፍሉ ትችላላችሁ። መሄድ የማትችሉ ደግሞ የአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ቻሉ። ይህም የማይሆንላችሁ፥ ቢያንስ በዚያ ሕዝብ ላይ የሚነገረውን የንቀት ቃል ከቤታችሁ አስወግዱ፤ ልጆቻችሁ ሲሰሙት አድገው ወገናቸውን ባዕድ እንዳያደርጉት።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ከታናናሾቹ ለአንዱ ስላደረግነው ነው። ሙሴን ከውኃ ያወጣ አምላክ ዛሬም በኦሞ ዳር ያሉትን ሕፃናት ይጠብቅልን፤ ለእኛም የሚዘረጋ እጅና ቆሞ የሚጠብቅ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።